የተከበሩ ተወካያችን ጽፈውልናል፤ መልሱን ማን ይጻፍላቸው?

ከኦስቲን ደብዳቤ መጥቷል። ለእኔ ብቻ አይደለም። በጋርላንድም በሪቻርድሰንም፣ በአርቪንግም በፕላኖም፣ በዳላስ ቪከሪ ሜዶው አካባቢ ባሉት አፓርትመንቶችም ለሚኖር ወገን ሁሉ በየወረዳው ተወካይ ስም የሚደርስ ደብዳቤ ነው። የቴክሳስ ምክር ቤት በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ፣ በየጎዶሎው ዓመት፣ ለ140 ቀን ይሰበሰብና ይበተናል። ሲበተን 150ዎቹ የታችኛው ምክር ቤት አባላትና 31ዱ ሴናተሮች «ውድ ጎረቤቶቼ» እያሉ ሠራን ያሉትን ይጽፉልናል። (ከዚህ በታች ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

የእኛ ወረዳ ደብዳቤ ያማረ ነው። ግብር ቀንሰንላችኋል ይላል። ለትምህርት ቤት በጀት ጨምረናል ይላል። መንገዱን፣ ውሃውን፣ ፖሊሱን ይዘረዝራል። መጨረሻው ላይ «የማኅበረሰብ ዜና» የሚል ርዕስ አለ፤ ከሥሩ ፎቶግራፍ። ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ ከረባት ያሰሩ የማኅበር መሪዎቻችን፣ በመካከላቸው የተከበሩ ተወካያችን ወርቃማ ማኅተም የተለጠፈበት ወረቀት ይዘው ፈገግ ብለዋል። ወረቀቱ ኢትዮጵያውያን ለቴክሳስ ላደረጉት አስተዋጽኦ እውቅና የሚሰጥ ነው። የተወካያችንን ስምም ሆነ ፓርቲ አልጠቅስም። ምክንያቱ ፍርሃት አይደለም፤ ደብዳቤው የሳቸው ብቻ ስላልሆነ ነው። ስሙን ቀይሩና የሁሉም ደብዳቤ ይኸው ነው።

እኛስ ምን አደረግን? ፎቶውን ቆርጠን ለወዳጅ ዘመድ ላክን። «እኮራለሁ» ተባባልን። የቀረውን ሦስት ገጽ ግን ማን አነበበው? ከጓደኞቼ አስራ አንዱን ጠይቄ ነበር። ዘጠኙ ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር አብረው ጥለውታል። አንዱ ቀረጥ መስሎት ደንግጦ ከፍቶት ነበር። አንዷ ብቻ አንብባዋለች፤ እሷም የቤት ሽያጭ ሥራ ስላላት ነው።

እስቲ እውነቱን እንነጋገር ጎበዝ። እኛኮ ሪፖርት የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። የእድራችን ገንዘብ ያዥ በዓመቱ መጨረሻ ቆሞ ሂሳብ ሲያነብ ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም አይተናል። ሃያ ዶላር ለውሃ ወጣ ሲል «የምን ውሃ? ደረሰኙ የት አለ?» የሚል ከኋላ ይነሳል። የዛሬ ሦስት ዓመት የተገዛው ድንኳን ለማን እንደተዋሰ፣ በማን ጋራዥ እንዳደረ ይጠየቃል። ገንዘብ ያዡ ላብ በላብ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ያ ሰውዬ በነፃ የሚያገለግለን ወንድማችን ነው። ከኦስቲን የሚጽፉልን ግን በኛ ግብር የተቀጠሩ ናቸው። ደሞዛቸው ትንሽ መሆኑን አውቃለሁ፤ በወር 600 ዶላር፣ በዓመት 7,200 ነው። ሥልጣናቸው ግን ትንሽ አይደለም። የእድሩን ገንዘብ ያዥ በሃያ ዶላር ያስጨነቅን ሰዎች፣ የቤታችንን ግብርና የእንጀራችንን መንገድ በሕግ ለሚወስን ሰው ሪፖርት ስናጨበጭብ ምን ነካን?

መልሱን አውቀዋለሁ፤ አስተዳደጋችን ነው። እኛ ባደግንበት አገር «የሕዝብ ተወካይ» ማለት ከላይ ተልኮ መጥቶ የሚያወያየን ሰው ነው። በቀበሌ አዳራሽ ካድሬው ያነባል፣ እኛ እናጨበጭባለን፣ ውሳኔው «በሙሉ ድምፅ» ይጸድቃል። ሕገ መንግሥቱማ በአንቀጽ 54 ሕዝቡ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ሊያነሳ ይችላል ይላል። በተግባር ግን ያየነው 547 መቀመጫ ባለው ምክር ቤት ውስጥ በ2010 ከተቃዋሚ ፓርቲ አንድ ሰው፣ አቶ ግርማ ሰይፉ፣ ብቻቸውን ሲቀመጡ ነው። በ2015 ደግሞ እሳቸውም ቀርተው መቶ በመቶ ተባለ። በ2023 ክረምት የምክር ቤት አባሉ አቶ ክርስቲያን ታደለ ሲታሰሩ ያለመከሰስ መብታቸው እንኳ አልተነሳም ነበር፤ ምክር ቤቱ እሱን ያነሳው ሰውየው ወራት ከታሰሩ በኋላ ነው። እንዲህ ባለ አገር ያደገ ሰው ተወካይ የሚጠየቅ ፍጡር መሆኑን ከየት ይማራል? ስለዚህ ከኦስቲን የመጣውን ሪፖርት እንደ ቀበሌ ማስታወቂያ እንቆጥረዋለን። አንብበው ይለጥፉታል፣ እኛ በአጠገቡ እናልፋለን።

እንግዲያስ እኔ ዛሬ እንደ እድር አባል ከኋላ ተነስቻለሁ። ደረሰኙን ልጠይቅ።

«ግብር ቀንሰናል» የሚለው እውነት ነው፤ ሐሰት አልልም። በ2023 ሰው የሚኖርበት ቤት ለትምህርት ቤት ግብር ሲገመት ነፃ የሚደረገው መጠን ከ40 ሺ ወደ 100 ሺ ዶላር ከፍ አለ። በ2025 ኅዳር ሕዝቡ በድምፁ ወደ 140 ሺ አሳደገው። ዕድሜያቸው 65 ለሞላና ለአካል ጉዳተኞች ተጨማሪው ከ10 ሺ ወደ 60 ሺ ከፍ ብሏል። ማለትም አንዲት የ70 ዓመት እናት በስማቸው ቤት ካላቸው ከቤታቸው ዋጋ 200 ሺ ዶላሩ የትምህርት ቤት ግብር አይነካውም። በዚያ ላይ 65 ከሞሉበት ዓመት ጀምሮ የትምህርት ቤት ግብራቸው ጣሪያ ይበጅለታል፤ ቤቱ ላይ አዲስ ነገር ካልገነቡበት በቀር ከዚያ በላይ አይወጣም። ትልቅ ነገር ነው። ደብዳቤው ያላለን ግን ይህ ሁሉ ማመልከቻ ላላስገባ ሰው አለመሰጠቱን ነው። ቤቱን የምትኖሩበት መሆኑን ለካውንቲው የንብረት ገማች መሥሪያ ቤት በፎርም ማሳወቅ አለባችሁ። ፎርሙ በነፃ ነው። ገንዘብ ተቀብዬ ልሙላላችሁ የሚል ወረቀት በፖስታ ቢመጣላችሁ ጣሉት። ያሳለፋችሁትም ብትሆኑ ወደኋላ ሁለት ዓመት ድረስ ማስገባት ይቻላል። እኔ ራሴ የማውቃቸው፣ ዋይሊና ሳክሲ ላይ ቤት ገዝተው ለዓመታት ሙሉ ግብር ሲከፍሉ የኖሩ ቤተሰቦች አሉ። የተከበሩ ሆይ፣ ከኛ ጋር ፎቶ ከመነሳትዎ በፊት ይህን አንድ አንቀጽ በአማርኛ አስተርጉመው ቢልኩልን ኖሮ ስንት ቤተሰብ በመረቀዎት ነበር። ተከራዩማ፣ የቪከሪ ሜዶው ተከራይ፣ ከዚህ ሁሉ ቅናሽ አንድ ሳንቲም በቀጥታ አያገኝም፤ እሱ በደብዳቤው ውስጥ የለም።

ትምህርት ቤቱን ቶሎ ልለፈው። በ2025 ሁለት ሕግ ወጣ። አንደኛው ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች 8.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጨመረ። ሁለተኛው ደግሞ በ1 ቢሊዮን ዶላር ልጆች ወደ ግል ትምህርት ቤት የሚሄዱበትን ቫውቸር አቋቋመ። ደብዳቤ ጸሐፊው እንደ ፓርቲው አንዱን ያጎላል፣ ሌላውን ያሳንሳል። የኛ ልጆች በአብዛኛው በጋርላንድና በሪቻርድሰን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ነው ያሉት፤ ወላጅ የትኛው እንደሚበጀው ራሱ ይመዝን።

አሁን ደብዳቤው ጨርሶ ወደማይነካው ልምጣ። ታክሲው።

የዳላስ ኢትዮጵያውያን ታሪክ ያለ ታክሲ አይጻፍም። ከሱዳንም ከኬንያም ተሰድደው የመጡት፣ ዲግሪ ይዘው የመጡትም፣ ወታደር የነበሩትም በመጀመሪያ የያዙት መሪ ነው። በላቭ ፊልድና በዲ ኤፍ ደብሊው አየር ማረፊያ ተራ ጥበቃ ላይ ስንት ልጅ በኮሌጅ ተማረ፣ ስንት እናት ከአገር ቤት መጣች፣ ስንት ቤተ ክርስቲያን ተገዛ። በ2010 የዳላስ ከተማ በተፈጥሮ ጋዝ የሚነዱ ታክሲዎች በላቭ ፊልድ ከተራው ፊት እንዲቀድሙ ሲወስን የሾፌሮች ማኅበር ዝም አላለም። ከተማውን በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ፣ እስከ ይግባኝ ሄደ፣ በ2013 ተሸነፈ። መሸነፉ ያሳዝናል፤ ግን ተከራክሮ ነው የተሸነፈው። ሰው እንዲያ ሲሆን አይቆጭም።

የሚቆጨው ቀጥሎ የመጣው ነው። ኡበርና ሊፍት መጡ። ዳላስ በ2014 መጨረሻ ለታክሲውም ለአዲሶቹም የሚሆን ደንብ አወጣች። ኦስቲን ከተማ ደግሞ ጠንከር ብላ ሾፌር ሁሉ የጣት አሻራ ይስጥ አለች። ኩባንያዎቹ ይህን ለማስቀየር በ2016 ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሰው ጉዳዩን ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡ፤ የኦስቲን ሕዝብ እምቢ አላቸው። እነሱስ ምን አደረጉ? ከከተማው ለቀው ወጡ። በዓመቱ ግን በሌላ በር ገቡ፤ በስቴቱ ምክር ቤት በር። ሃውስ ቢል 100 የሚባለው፣ ገዥው ግሬግ አቦት በ2017 ግንቦት 29 ቀን የፈረሙት ሕግ፣ ኡበርንና ሊፍትን የመቆጣጠር ሥልጣንን ከቴክሳስ ከተሞች ሁሉ ነጥቆ ለስቴቱ ሰጠ። በሕጉ የተጻፈው የኩባንያው ዓመታዊ ክፍያ 5 ሺ ዶላር ነው። ለመላው ቴክሳስ! የጣት አሻራ ግዴታው ቀረ።

ታክሲውስ? ታክሲው ከከተማው ደንብ ሥር እንደታሰረ ቀረ። የመኪናው ዕድሜ፣ ፈቃዱ፣ ምርመራው፣ የተወሰነው ዋጋ፣ ለኩባንያ የሚከፈለው የሳምንት ሊዝ ሁሉ እንዳለ። አንዱን አስሮ ሌላውን ፈትቶ «በሉ ተሯሯጡ» ማለት ይህ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል።

ልብ በሉ፣ እኔ ኡበር ይጥፋ የምል ሰው አይደለሁም። ዛሬ ያው ወንድማችን ራሱ ነው ኡበሩንም የሚነዳው። የምለው ሌላ ነው። በከተማው ጉዳይ ጊዜ የዳላስን ማዘጋጃ ቤት ያንቀጠቀጡ ሾፌሮች፣ እኔ የማውቃቸው፣ የ2017ቱን ሕግ የሰሙት ከተፈረመ በኋላ ነው። ሜዳው ከዳላስ ወደ ኦስቲን ተዛውሮ ነበር፤ እኛ ግን ባዶው ሜዳ ላይ ቆመን ኳሷን እንጠብቃለን። ያ ጉባኤ ሲበተንም እንደ ልማዱ ደብዳቤ መጥቶልን ነበር። «ፈጠራን አበረታተናል» የሚል አንድ መስመር ነበረበት። የስንት አባወራ ገቢ የቆረጠ ሕግ በሁለት ቃል ታልፏል። እኛም አላነበብነውም።

ይህ የአንድ ጊዜ ነገር እንዳይመስላችሁ። ዳላስ በ2015 የግንባታ ሠራተኛ በየአራት ሰዓቱ የአሥር ደቂቃ እረፍት ያግኝ ብላ ነበር፤ በዚያ የቴክሳስ ሐምሌ! በ2023 ስቴቱ እንዲህ ያሉትን የከተማ ደንቦች የሚሽር ሌላ ሕግ አወጣ። ሥልጣን ከማዘጋጃ ቤት ወደ ኦስቲን እየተጋዘ ነው። በ2025 የወጣው ሴኔት ቢል 8 ደግሞ እስር ቤት የሚያስተዳድሩ ሸሪፎች ከፌዴራል የኢሚግሬሽን ፖሊስ ጋር ውል እንዲገቡ ያስገድዳል። ጉዳዩ ገና ያላለቀለት፣ ወረቀቱ በይደር ያለ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ከኔ መስማት አልነበረበትም። በደብዳቤው «የሕዝብ ደህንነት» በሚለው ርዕስ ሥር ጎርበጥ ሳይል አልፏል።

ከሁሉ የበለጠ የሚያንገበግበኝ ግን የምርጫው ጉዳይ ነው። እናቶቻችን ዜግነት ወስደዋል። ፈተናውን ለማለፍ መቶውን ጥያቄ በቃላቸው አጥንተው፣ እጃቸውን አንስተው ምለዋል። ከዚያስ? ድምፅ መስጫው ጣቢያ ገብተው ወረቀቱን ማንበብ አይችሉም። የፌዴራሉ የምርጫ መብት ሕግ በ1975 ሲሻሻል የቋንቋ አናሳ ብሎ ያወቃቸው አራት ናቸው፤ የስፓኒሽ ውርስ ያላቸው፣ እስያውያን፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችና የአላስካ ነባር ሕዝቦች። የአፍሪካ ቋንቋ አንድም የለበትም። ቬትናሞች በፎርት ዎርዙ ታራንት ካውንቲ የምርጫ ወረቀት በቋንቋቸው ያገኛሉ፤ ይገባቸዋልም። እኛ ብዛታችን አሥር እጥፍ ቢሆን እንኳ በዚያ ሕግ መሠረት አናገኝም። ስለዚህ ይህን የሚያስተካክለው ወይ ካውንቲው ነው ወይ ስቴቱ። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛን ከመንግሥት አገልግሎት ቋንቋዎች መካከል አስገብታለች። ዲሲ ያሉት ወገኖቻችን ከኛ የተለየ ደም የላቸውም፤ የከተማቸውን ምክር ቤት ስልክ ቁጥር ግን ያውቁታል።

ቴክሳስስ ምን አደረገች? በ2014 በዊልያምሰን ካውንቲ አንዲት ህንዳዊት እናት ልጃቸውን አስተርጓሚ አድርገው ሊመርጡ ሄዱ። ልጁ በዚያው ካውንቲ የተመዘገበ መራጭ ስላልሆነ ሊያስተረጉም አይችልም ተባለ፤ የስቴቱ ሕግ እንደዚያ ይል ነበርና። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2017 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ችሎት ይህ አይሆንም አለ። በፌዴራሉ ሕግ መሠረት ማንበብ የማይችል መራጭ የፈለገውን ሰው ይዞ መግባት ይችላል፤ አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ብቻ አይሁን። በ2021 ደግሞ ምክር ቤቱ ሴኔት ቢል 1ን አወጣ። ረዳት ሆኖ የሚገባው ሰው ፎርም እንዲሞላና በሐሰት ቢምል የሚያስቀጣ መሐላ እንዲምል አደረገ፤ ክርክሩ ከዚያ ወዲህ በፍርድ ቤት ሲጓተት ቆይቷል። አያቱን ይዞ የሄደ የ19 ዓመት ልጅ ያን መሐላ ሲያነብ ምን ይሰማዋል? ብዙው ይፈራል፤ አያቱን ይዞ ይመለሳል። ይህን ሕግ ተወካያችሁ ደግፈው ነው ወይስ ተቃውመው ድምፅ የሰጡት? የጉባኤው መዝገብ ለማንም ክፍት ነው። አንዳችንም አልጠየቅንም። ከኛ እናቶች ጋር ግን ፎቶ ተነስተዋል።

እዚህ ላይ «ወንድሜ፣ አንተ ስለ ታክሲና ስለ ቤት ግብር ታወራለህ፣ አገር እየነደደች ነው» የሚል እንደሚነሳ አውቃለሁ። ይህን ከአንድ ሺህ ሰው ሰምቻለሁ። እኔም በየሰልፉ ቆሜያለሁ። ነገር ግን የዋሽንግተኑን መንገድ ሂሳብ እናወራርድ ካልን እሱም ይወራረድ። በ2007 የኒው ጀርሲው ዶናልድ ፔይን ያቀረቡት ኤች አር 2003 በታችኛው ምክር ቤት ጥቅምት 2 ቀን ሲያልፍ አልቅሰን ተቃቀፍን። ሴኔት ገብቶ ሞተ። የአዲስ አበባው መንግሥት ዲ ኤል ኤ ፓይፐር የሚባለውን ድርጅት ቀጥሮ ነበር፤ ያን ሕግ እንዲያስቆሙ ከተሰማሩት ሎቢስቶች አንዱ ዲክ አርሚ ነበሩ። ዲክ አርሚ ማን ናቸው? ከ1985 እስከ 2003 በኮንግረስ የተቀመጡ፣ የምክር ቤቱ አብላጫ መሪ የነበሩ፣ የመረጣቸውም እዚሁ ከዳላስ በስተሰሜን ያለው የዴንተን ሕዝብ ነው። በኛው ጓሮ የበቀሉ ሰው! ያን ሁሉ ዓመት ወረዳቸው ውስጥ አልፎ አየር ማረፊያ ሲመላለስ ከነበረው ኢትዮጵያዊ ስንቱ ስማቸውን ያውቅ ነበር? ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል።

በአንጻሩ ደግሞ ሚኪ ሌላንድን አስቡ። በ1989 ነሐሴ 7 ቀን ፉኙዶ ወዳለው የስደተኞች ካምፕ ሲበሩ ጋምቤላ አካባቢ በአውሮፕላን አደጋ የሞቱት፣ ከሳቸው ጋር አሥራ አምስት ሰው ያለቀው። በሂውስተን አየር ማረፊያ ኢንተርናሽናሉ ተርሚናል በስማቸው ተሰይሟል፤ ብዙዎቻችን ረግጠነው አልፈናል። እኚህ ሰው ዋሽንግተን ከመግባታቸው በፊት ከ1973 ጀምሮ ስድስት ዓመት የተቀመጡት በዚሁ በኦስቲን፣ በዚሁ ደብዳቤ በሚጽፍልን ምክር ቤት ውስጥ ነበር። ነገ ኮንግረስ የሚገባው ዛሬ ኦስቲን ነው ያለው። ዛሬ የማያውቀንን ሰው ነገ ዋሽንግተን ሄደን «ስለ ኢትዮጵያ ስማን» ብንለው ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ደግሞስ ተወካዮቹ ከኛ ምን እየሰሙ ነው? ይህን መናገር ያማል ግን ይነገር። ከ2020 ወዲህ አንዱ ቡድን ባንዲራውን ይዞ በሳምንቱ መጀመሪያ ይገባል፣ ሌላው የራሱን ይዞ በሳምንቱ መጨረሻ ይገባል፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ሊከስ በሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ይይዛል። ሁሉም ሐዘን አለው፤ ሐዘኑም እውነተኛ ነው። ያ የቢሮ ሠራተኛ ግን፣ አፍሪካን በካርታ ላይ ለማግኘት የሚቸገረው ልጅ፣ ከዚህ የተማረው ብልሃት አንድ ነው፤ ለሁሉም አንድ አንድ የእውቅና ወረቀት ስጥና ፎቶ አንሳ። በየጉባኤው እንዲህ ያለ የምስጋናና የእንኳን አደረሳችሁ ውሳኔ በሺዎች ይጸድቃል፤ ለኳስ ቡድንም፣ ለጡረታ ለወጣ ሰውም፣ ለሞተም ይሰጣል። ሕግ አይደለም፤ ማንንም አያስገድድም፤ በጀት የለውም። የማኅበር መሪዎቻችን ይህን በመስታወት አስገብተው ሰቅለውታል። ሦስቱም ቡድኖች በታክሲው ሕግ ተጎድተዋል፤ የሦስቱም እናቶች የምርጫ ወረቀቱን ማንበብ አይችሉም። በዚህ ጉዳይ አብሮ የሄደ ግን የለም። አብረን መቆም የማንችል ሆነን አይደለም። በ2012 ባለሀብት በዋሽንግተን በገንዘቡ ሌላ በዓል ሲደግስ፣ የስፖርት ፌዴሬሽኑን አንተውም ብሎ ዳላስ ድረስ የመጣው ሕዝብ ማን ነበር?

«የኛ ጥቂት ድምፅ ምን ያመጣል» ለሚለውም የአርቪንግን ታሪክ ልንገረው። በ2008 የአርቪንጓ ሊንዳ ሃርፐር ብራውን መቀመጫቸውን ያተረፉት በ19 ድምፅ ነው። አሥራ ዘጠኝ! ቆጠራው ተደግሞ ሲያበቃ የቴክሳስ ምክር ቤት 76 ለ74 ሆነ፤ መቀመጫው ለሌላው ፓርቲ ሄዶ ቢሆን 75 ለ75 ነበር። በዚያ ዓመት አርቪንግ ውስጥ ከአየር ማረፊያው ተራ በኋላ ቡና የሚጠጡ የኛ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስንት ነበሩ? በ2018 ደግሞ በዳላሱ 108ኛ ወረዳ ልዩነቱ 220 ድምፅ ነበር። አንድ መካከለኛ ሠርግ ከዚያ በላይ ሰው ይጠራል።

ዜግነት ያልወሰደውም ቢሆን አያገባኝም አይበል። የዩናይትድ ስቴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016፣ ከዚሁ ከቴክሳስ በተነሳ ክርክር፣ ወረዳዎች በመራጩ ቁጥር ሳይሆን በነዋሪው ሁሉ ቁጥር ሊከፋፈሉ እንደሚችሉ ወስኗል። ግሪን ካርድ የያዘው፣ ሕፃኑ፣ ሁሉም ተቆጥሮ ነው ለአንድ ተወካይ 194 ሺ ገደማ ሰው የሚደርሰው። የሳቸው ወንበር በእናንተም ራስ ተቆጥሮ የተሠራ ነው። በኮሚቴ ፊት ቀርቦ ለመመስከርም ዜግነት አይጠየቅም። ከዳላስ ኦስቲን በ35ኛው አውራ ጎዳና 200 ማይል ገደማ ነው፤ ስምን አስመዝግቦ ሁለት ሦስት ደቂቃ መናገር ነው። ለሠርግ ሂውስተን ደርሰን በዚያው ሌሊት የምንመለስ ሰዎች ነን እኮ።

የወረዳ ነገር ከተነሳ፣ በ2025 ነሐሴ ከ50 በላይ ዴሞክራት የምክር ቤት አባላት የኮንግረሱን አዲስ ካርታ ለማሰናከል ግዛቱን ጥለው ሲወጡ፣ ሁለት ሳምንት ቆይተው ሲመለሱ፣ ካርታው ሲጸድቅ በዜና አይተናል። በታኅሣሥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ካርታው በሥራ ላይ እንዲውል ፈቀደ። የሰሜን ምሥራቅ ዳላስን ሰፈር ከምሥራቅ ቴክሳስ ገጠር ጋር ያዛመደ ካርታ ነው። የአንዱ ፓርቲ ደብዳቤ ድል ይለዋል፣ የሌላው ዘረፋ ይለዋል። ቤታችሁ በየትኛው ወረዳ እንደገባ ግን ደብዳቤው ላይ የለም፤ በአድራሻችሁ ፈልጋችሁ እዩት።

እኔ መልሴን ጽፌያለሁ፤ አንድ ገጽ አልሞላም። የተከበሩ ሆይ፣ ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ ለፎቶው አመሰግናለሁ። ሦስት ጥያቄ አለኝ ብያቸዋለሁ። ድምፅ መስጫ ጣቢያ ላይ አያቱን ለሚረዳ ልጅ መሐላውን የሚያቀል ረቂቅ ቢመጣ ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ? በታክሲና በኡበር መካከል ያለውን የደንብ ልዩነት ለማጥበብ በሚቀጥለው ጉባኤ የሚያቀርቡት ነገር አለ? የግብር ቅናሹን ማመልከቻ መመሪያ በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ ለወረዳዎ ነዋሪዎች ለመላክ ምን ያህል ጊዜ ያስፈልግዎታል? ከሥሩ ስሜንና አድራሻዬን ጻፍኩ። ከአድራሻዬ በታች አሥራ ስምንት መስመር ባዶ ትቼ ቅጂውን በእድራችን የእሑድ ስብሰባ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ፤ እስክሪብቶም አብሮ አለ።